ምነው ያንን ምንጣፍ ባልነካሁት

እንደ እናት አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለእህቴ ለእታለም፤

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ በደህና ያግኝሽ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ሲነሳብሽ የሚያስነክስሽ ጉልበትሽስ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ አባዬ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ከጎረቤትም የታመመ፣ የተጣላ፣ የተዳረ ካለ አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ፤ የሰፈሩን ወሬ ካልሰማሁ በሕይወት ያለሁ አይመስለኝም። እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፣ ምስጋና ይግባው። ሆዴን ግን ባር ባር ይለዋል። «ደግሞ ምን ሆነ፣ ይሄ ሳይዘንብ ዣንጥላ የሚዘረጋ» እንደምትዪ አውቃለሁ። ሳቂብኝ፤ ግን ሳቅሽን ስትጨርሺ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

በጀልባ መጠገኛው የምሠራው የውስጡን ሥራ እንደሆነ ነግሬሻለሁ፤ ወንበር፣ መጋረጃ፣ ወለል። ሞተሩና ብረቱ የሌሎች ነው። ሰሞኑን የያዝኩት የካፒቴኑን ጀልባ ነው። ካፒቴኑ ማለት እዚህ በመጣሁ ሰሞን ማደሪያ ሳጣ «ና ወንበሩ ላይ ጋደም በል፣ ጀልባዋም ብቻዋን ከምታድር» ብለው ያስጠጉኝ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሰው ወዲህና ወዲያ ማዶ ሲያሻግሩ ኖረዋል። አሁን ሥራውን የምትመራው ልጃቸው ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትኬት ቤት ውስጥ ነች። መሪውን ግን ለማንም አይሰጡም።

የጀልባዋ ወለል ላይ ጀርባው ጎማ የሆነ ምንጣፍ ተለጥፏል። ስንት ዘመን እንደተረገጠ እንጃ። መተላለፊያው ላይ ፀጉሩ አልቆ ራሰ በራ ሆኗል፣ መሪው ፊት እግር የሚቆምበት ጎድጉዷል፣ ደረጃው ጋ ጠርዙ ተገልብጦ እንደ ምላስ ወጥቷል። ልጃቸው «እባክህ አድስልኝ፣ ተሳፋሪ እየተደናቀፈብኝ ነው» አለችኝ። ካፒቴኑ ግን «ምንጣፌን እንዳትነኩብኝ!» ብለው ዕቃው እንደተነጠቀ ሕፃን ተቆጡ። እኔ ሞኙ የሽማግሌ ግትርነት መሰለኝ። ልጃቸው ለሳምንት ወንድሟ ዘንድ እንዲያርፉ ላከቻቸውና «በል አሁን ግባበት» አለችኝ፤ እኔም ዘው ብዬ ገባሁበት።

ሥራውን ብታዪ ትኮሪብኝ ነበር። ከጥግ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ነቀልኩት። የጀርባው ጎማ ግማሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፣ ግማሹ ደግሞ ቀልጦ ወለሉ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣብቋል፤ እሱን ስፍቅ እጄ ተላጠ። ምንጣፉን አጠብኩት፣ ፀሐይ ካገኘው ጎማው ይሰነጠቃልና ጥላ ውስጥ አሰጣሁት፣ የተፈረፈረውን ጀርባ ፈሳሽ ጎማ ቀባሁት። ካለቀው ቦታ ደግሞ እየቆረጥኩ አወጣሁና ወንበር ሥር ማንም ረግጦት በማያውቀው፣ ፀጉሩ ቀጥ ብሎ በቆመው ተካሁት፤ ያለቀውን ወስጄ ወንበር ሥር ደበቅኩት። መጋጠሚያው የት እንደሆነ ለእኔ ለራሴ ጠፋኝ። «ጎሽ አንተ ልጅ» ብዬ ራሴን አሞገስኩ፤ ሌላ ማን ሊያሞግሰኝ!

ካፒቴኑ የተመለሱ ዕለት ምርቃት ልቀበል በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። እሳቸው እኮ ጀልባቸው ውስጥ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው፣ ልክ ሳሎናቸው ውስጥ እንዳሉ። ያን ዕለትም እንደዚያው ሆነው ገቡ። ጥቂት እንደሄዱ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ። በጫማቸው ወለሉን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ደባበሱት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አየሩን መዳበስ ጀመሩ። አንድ ጊዜ ራመድ ሲሉ የወንበሩ ብረት ቅልጥማቸውን መታቸው። እታለም፣ ሰውየው አያዩም! ለካ ያ ራሰ በራ መተላለፊያ፣ ያ የጎደጎደ ቦታ፣ ያ የተገለበጠ ጠርዝ ዓይናቸው ኖሯል። በእግራቸው ነበር የሚያዩት፤ እኔ ደግሞ ዓይናቸውን ቆርጬ ወንበር ሥር ሸጎጥኩት። ምነው እጄን በሰበረው!

ደግፌ አስቀመጥኳቸው። እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው «ለልጄ እንዳትነግር። ብርሃንና ጥላ ይለይልኛል፣ እሱ ይበቃኛል። ምንጣፌን እንደነበረ መልስልኝ፣ ቅዳሜ ሰው አሻግራለሁ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። «እሺ» አልኩ፤ ምን ልበል? ግን ይሄ አፌ አላርፍ ብሎኝ «አባባ፣ እዚህስ ይሁን፣ ውሃው ላይ ግን ምንጣፍ የለም» አልኳቸው። እጄን ብቻ ለቀቁት።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ፣ እንቅልፍም በዓይኔ አልዞር አለኝ። ምንጣፉን ብመልስላቸው ተረጋግተው ገብተው መሪውን ይይዛሉ፤ ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እናቶች ልጅ ታቅፈው ነው የሚሳፈሩት። ባልመልስላቸው ገና ከመግባታቸው ተደናቅፈው ይሰበራሉ። ለልጃቸው ብነግራት መሪውን ትነጥቃቸዋለች፣ ያለ መሪው ደግሞ እሳቸው ምን ሊሆኑ ነው? ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄው አይደል? ዝም ብልስ? እስካሁን በልምድና በዕድል ነው የተሻገሩት፤ ዕድል ደግሞ አንድ ቀን ፊቱን ያዞራል። አንቺ ብትኖሪ አንድ ጊዜ ገላምጠሽ መልሱን ትነግሪኝ ነበር። እዚህ ማን አለኝ?

በመጨረሻ ሐሙስ ዕለት ምንጣፉን እንደገና ነቀልኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለእኔ ነው። ያለቀውን ሁሉ ከወንበር ሥር አውጥቼ ወደየቦታው መለስኩ፤ የገዛ ሥራዬን ሳበላሽ እጄ እያመፀብኝ። ዛሬ ካፒቴኑን «አባባ፣ እንዳሉኝ መልሼዋለሁ። ለልጅዎ ግን ራስዎ ይንገሯት። ነገ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ካልነገሯት እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው። «ሂድ ከፊቴ!» አሉኝ። ሄድኩ። ይኸው ክፍሌ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። እዚህ ላይ ላቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እታለም፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ቀርቼ ልቀጥልልሽ።

ጠዋት ወፍ ሳይንጫጫ ሄድኩ። ሰዉ ዘንቢሉን ይዞ መሳፈሪያው ላይ ተኮልኩሏል። ካፒቴኑ ኮፍያቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ፤ ምንም ሳይነኩ፣ አንዴም ሳይሳሳቱ፣ መሪው ጋ ደረሱ። ልጃቸው ወለሉን አይታ «ምነው፣ ያን የመሰለ ሥራ መልሰህ አበላሸኸው?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔ ካፒቴኑን አየሁ። ዝም አሉ። ትንሽ ጠበቅኳቸው፤ መሪውን ይበልጥ ጨበጡት። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ልጇን ታቅፋ ለመግባት እግሯን ስታነሳ «ማንም እንዳይሳፈር!» ብዬ ጮህኩ። ሰዉ «አበደ እንዴ?» አለ። ለልጃቸው እዚያው አባቷ እየሰሙ ነገርኳት።

አልጮኸችብኝም። «ውሸት ነው» እንኳ አላለችም። ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ድምፅ ሳታሰማ እጇን ዓይናቸው ሥር አወዛወዘች። ዓይናቸው አልተከተላትም። አፏን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ለቅሶዋን ሲሰሙ መሪውን ለቀቁ። ኮፍያቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አኖሩትና ፊታቸውን ድምፄ ወደነበረበት አዙረው «በል እንግዲህ፣ ያንን ደህናውን አንጥፈው፤ ሰው እንዳይደናቀፍ» አሉኝ። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው፣ ሰዉንም ሌላ ጀልባ አሻገረው።

እኔ ገና አላነጠፍኩትም። የማጣበቂያውን ቆርቆሮ እከፍተዋለሁ፣ መልሼ እከድነዋለሁ። መርቀውኝ ይሁን ረግመውኝ አላወቅኩም። ማልቀስ አምሮኛል፣ እታለም። ደግ አድርጌያለሁ ወይስ አላደረግኩም? ሳታባብዪኝ እውነቱን ጻፊልኝ።

በይ እንግዲህ ባለቤትሽን ጋሼን እጅ ነሥቷል በዪልኝ፤ ያንን አጥር ጨረሱት ወይስ ዛሬም «ነገ» ነው የሚሉት? ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚና በእኔ ስም አንድ ጊዜ ቆንጠጥ አድርጊው፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። ጎረቤትሽን እሜቴን የላኩልኝ ሹራብ ልክ ሆነልኝ በዪልኝ፣ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል ግን እንዳትነግሪያቸው።

አባዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። መጨረሻ ያደረግኳቸው ፈርቼ ነው። «አባዬ ደህና ናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ ቤቱንና ጓሮውን አይስቱትም» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። እስቲ አደራሽን፣ ሳትናገሪ ፊት ለፊታቸው ቁሚና እጅሽን አወዛውዢላቸው። «ምን ሆነሻል አንቺ!» ብለው ከተቆጡሽ ቶሎ ጻፊልኝ። ዝም ካሉሽም ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከጀልባ መጠገኛው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት 16 ቀን