ዓሳ የሌለበት ውሃ

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ያ ዝምተኛ ባልሽስ? እኔ ያው ታውቂኛለሽ፣ ብረት ነኝ። መስታወት ቤቱ ውስጥ ያለ እኔ አንድ መስኮት አይገጠምም፤ አለቃዬ አፉ አይናገረውም እንጂ ልቡ ያውቃል። አባባም ደህና ናቸው፣ ወገባቸው ነው ትንሽ የሚነዘንዛቸው። አልዋሽሽም፣ ባልሽን አልፈልግም ብለው በሩን ከዘጉብሽ ቀን ጀምሮ ስምሽን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ግን እንዳትጮሂብኝ። ስለ ዓሳዎችሽ ነው።

ያን ቀን ሻንጣሽን ብቻ ይዘሽ ስትወጪ «ዓሳዎቼን አደራ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ ያ ዓሳዎቹ የሚኖሩበት መስታወትሽ አስጠላኝ። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ድንጋዩ አረንጓዴ ለብሶ የሚያሟልጭ፣ የውሃ ማጣሪያው ስፖንጅ ጭቃ የመሰለ። የእኔ እህት ዓሳ እንዲህ አይኖርም አልኩና ከሥራ የተረፈ ወፍራም መስታወት ለምኜ፣ በእጄ ቆርጬ፣ በሲሊከን አጣብቄ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የሚቀመጥ የመሰለ ሠራሁልሽ። ጠብ አይልም። ነጭ ጠጠር፣ አዲስ ፓምፕ፣ አዲስ ስፖንጅ። አሮጌውን ኮተት እንዳለ አውጥቼ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ወረወርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየልኝ።

ከዚያ ውሃው ወተት መሰለ።

ሙሉውን ደፋሁት። ጠጠሩን ፈተግኩ፣ ስፖንጁን ቧንቧ ሥር አሽቼ አጠብኩ፣ በአዲስ ውሃ ሞላሁት። በማግስቱ ደግሞ ወተት። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ደግሜ ደፋሁ። ሳጥብ ይብሳል፣ ሲብስ አጥባለሁ፣ እጄ ተላጠ እኮ። ዓሳዎቹ ላይ ላዩን እየመጡ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሲላቸው ደግሞ እንደተኳረፈ ሰው ጥግ ይዘው ይቆማሉ። መጀመሪያ ትንሿ ቀይ ሞተች። ከዚያ ትልቋ። የቀረው ያ ዓይኑን አፍጦ የሚያየን ጥቁሩ፣ አንቺ ዳኛው ያልሽው ብቻ ነው። እሱም በጎኑ መዋኘት ጀመረ።

አባባ በሩ ላይ ቆመው «ፈጀሃቸው» አሉኝ። ተናድጄ መስታወቱን ልሰብረው ነበር፣ እኔ የሠራሁት ሆነና ተውኩት።

ዓሳ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ አፍ ያላት ሴት ናት። በብልቃጥ የወሰድኩት ውሃ ላይ መመርመሪያ ጠብታ ጨመረችበት፤ ቢጫ መሆን ሲገባው ድፍን አረንጓዴ ሆነ። «ወንድሜ፣ በራሳቸው ሽንት ነው የመረዝካቸው» አለችኝ፣ ሰው ፊት። ለካ የዓሳው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይሆናል፤ ያን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቤታቸው ደግሞ ያ ያስጠላኝ ድንጋይና ስፖንጅ ነው። እነሱን ወርውሬ፣ አዲስ የሚፈሉትን ደግሞ በየቀኑ በቧንቧ ክሎሪን እጨርሳለሁ። «አሮጌው ስፖንጅ የት አለ?» አለችኝ። ጣልኩት አልኳት። «እንግዲያው ውሃውን ትንሽ ትንሽ ብቻ እየቀየርክ ጠብቅ፣ ሳምንታት ይፈጃል» አለች። ዳኛው ሳምንታት የሚቆይ አይመስልም ነበር።

ቤት ገብቼ እየተነጫነጭኩ ለአባባ ነገርኳቸው። ከዚያ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ገቡና «ና አንሳልኝ፣ እኔ ወገቤን ያመኛል» አሉኝ።

እታለም፣ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያ ያንቺ መስታወት ቁጭ ብሏል። ድንጋዩ፣ ስፖንጁ፣ አሮጌው ፓምፕሽም እየተንጎራጎረ። እኔ እኮ ድምፁ የቬንቲሌተር ይመስለኝ ነበር። ለካ የወረወርኩ ዕለት፣ ገና ሳይደርቅ፣ ሄደው አንስተውታል። ዓሳ የለበትም፣ አንድም። ግን የዓሳ ምግብ ብናኝ ውሃው ላይ ተንሳፍፏል። «ማንን እየቀለቡ ነው?» ብላቸው «ጠዋት ጠዋት ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ። የማን ልማድ? ጠዋት የምትቀልቢው አንቺ አልነበርሽም? እሳቸው ወንበራቸውን ይዘው ያዩሽ ነበር እንጂ።

ባዶ ውሃ የሚቀልብ አባት አለኝ ብዬ ለባለሱቋ ብነግራት አልሳቀችም። «ያ ምግብ እየበሰበሰ ነው ባክቴሪያዎቹን ያኖረልህ፣ አባትህን ሳምልኝ» አለችኝ።

ስፖንጁንና ድንጋዩን ሳናጥብ ወደ አዲሱ አዛወርናቸው። ውሃው እየጠራ ነው። ጠብታው ገና ደህና ቢጫ አልሆነም፤ እጄን እየበላኝ ቁጭ እላለሁ፣ አባባ እንዳልነካው ይጠብቁኛል። ዳኛው ግን ተቃንቷል፣ ትናንት በላ። ስለ ሁለቱ ቀዮች ልትሰድቢኝ ትችያለሽ፣ ይገባኛል።

ይህን ስጽፍ አባባ መጥተው «ለማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ይሄዳሉ ስል ቆሙ። «ምን ልበልልዎት?» ብላቸው «ዳኛው አለ በላት» አሉ። በሩ ጋ ደርሰው ደግሞ ተመለሱ፤ «ያ ሰውዬስ፣ ዓሳ ይወዳል?» አሉኝ።

እኔ ምን አውቄ። አንቺው መጥተሽ ንገሪያቸው።

ክፉ አይንካሽ፣ ቤትሽ ይሙቅልሽ።

አስቸጋሪው ታናሽ ወንድምሽ