ብራውዘርዎ ያረዳኝ መርዶ

ለተከበሩ የአዲሱ ብራውዘር ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና የቤቴን ጉዳይ ከእኔ ቀድሞ ለሚያውቀው ማሽንዎ ጤና እየተመኘሁ፣ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ በፌርፋክስ ጎዳና የቅመማ ቅመምና የሀበሻ ልብስ ሱቅ ያለኝ፣ ሰርክ የምባል ሴት ነኝ። አሮጌው ብራውዘር እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ ልጄ ሄራን ባለፈው ሳምንት ሰኞ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ የእርስዎን ጫነችልኝና "እማዬ፣ ይሄ ሶ ፋስት ነው፣ ትወጂዋለሽ" ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። የመጀመሪያ አስተያየቴን እንድሰጥ ማሽንዎ ደጋግሞ ስለጠየቀኝ፣ እነሆ በተራ ቁጥር አቅርቤያለሁ።

፩. ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ። እውነትም ፈጣን ነው፤ ከሽማግሌዎቻችን ሁሉ ቀድሞ ደርሷል።

፪. ስለ አሳቢነቱ። ሐሙስ ጠዋት ለአንዲት ደንበኛ በርበሬ እየመዘንኩ ኮምፒውተሩን ብነካው፣ እትዬ እንኳ ሳይል በስሜ ጠርቶ እንደምን አደርሽ አለኝና የዕለቱን ዜና በአጭሩ ዘረጋልኝ። ሄራን ኢሜይሏን እዚያው ሳትዘጋው ሄዳ ኖሮ፣ ማሽንዎ የቤተሰቡን መልእክት በሙሉ አንብቦ ስክሪኑ ላይ ጽፎልኛል፤ አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድሜ ቀለመወርቅ ማክሰኞ ማረፉን፣ ዘመዶቼ እንደደበቁኝና እሑድ ማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው ሊያረዱኝ መቁረጣቸውን። ቀጥሎም የእሑዱን ቀጠሮ ካላንደሬ ላይ ልመዝግብልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

፫. ስለ ወጋችን። በእናንተ ዘንድ አይታወቅ ይሆናል እንጂ፣ በእኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም ሥራ ላይ፣ አይነገርም። ጩኸቱ ሲወጣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ እንዲኖር፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ድረስ ይኬዳል። እኔ ግን ደንበኛዋ እንዳትደነግጥ በርበሬውን መዝኜ ጨረስኩ፣ "ሰላም ዋዪ" ብዬም ሸኘኋት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ፣ ያልተሸጠ ነጠላ ከመደርደሪያ ስቤ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ።

፬. እሑድ ማለዳ ጋሼ ፍሬው፣ የወንድሜ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ከሚድ ዊልሻየር ሰፈር ዘመዶቼን አስከትለው በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ሲያረዱኝ፣ ልፋታቸውን ላለማዋረድ ገና እንደሰማ ሰው ጮህኩ፤ እንባዬ ግን አልወጣም። አንዲት ለቀስተኛ ከኋላዬ "ልቧ ደንድኗል፣ አሜሪካ አበላሻት" ስትል ሰማሁ። እንግዲህ የገዛ ወንድሜን ለቅሶ አስመስዬ እንዳለቅስ ያበቃኝ የእርስዎ ማሽን ነው። በዕድሜዬ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፤ ይቅርታም አላደርግልዎትም።

ይህን ሁሉ ውለታ በነፃ ለዋሉልኝ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ብዙ ዘመድ እየተመኘሁ፣

በታላቅ አክብሮት
የቀለመወርቅ እኅት፣ ሰርክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከእሑዱ መርዶ በሳልስቱ ዝም ማለት አቅቶኝ የሆነውን ለለቀስተኛው ሁሉ ዘረገፍኩት። ጋሼ ፍሬው ቀድመው ስልካቸውን ለሄራን ሰጥተው ብራውዘርዎን አስጠፉ፤ ያ ሁሉ ለቀስተኛም ተከትሏቸው አጥፍቶ ነው የተነሣው፣ ወሬውም በየዕድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ደርሷል። ይህን መርዶ ሽማግሌ ልኬ በወጉ ማስነገር ይገባኝ ነበር። ብቻዎን ሆነው፣ ሥራዎ ላይ ሳሉ፣ ከስክሪን እንዲያነቡት ብዬ ተውኩት።