ሦስት ደቂቃ ምስጋና

ልጄ፣ የሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን፣ ሆስፒታሉ ውስጥ አብራኝ አንሶላ የምታጥበው፣ ሳሉ ደረቷን ይዟት ተኝታለች። ትልቋ ልጇ ትምህርቷን አቋርጣ ታስታምማታለች።

የማጠቢያ ክፍላችን መስኮት እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ በረኪናው ነው የጨረሳት። ሐሙስ ስብሰባ ሲጠራ ሴቶቹ «አፍ ያለሽ አንቺ ነሽ፤ እሷ ወደ ማጠፊያ ክፍል ትዛወር፣ ለኛም መስኮት ይውጣልን በይልን» ብለው መረጡኝ። አንቺም በስልክ አስጠናሽኝ፦ ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ዓይን ዓይናቸውን እዪ፣ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ አመስግኚ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ አልቸኮልኩም። ግን እኔ ምስጋና ከጀመርኩ ሰው መዝለል አይሆንልኝም። ዳይሬክተሩን አመስግኜ ሒሳብ ሹሙን ብተው ይቀየመኛል፤ እሱን ብዬ ዘበኛውን ብተው ነውር ነው። እንዲህ ስዞር ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየና «እንዲህ የሚያመሰግን ሠራተኛ ይብዛልን!» ብሎ አስጨበጨበልኝ። «ኧረ ገና መች ጀመርኩና!» ብል ማን ይስማኝ፤ ሁሉም ወንበሩን እየገፋ ወጣ።

አንቺን አልወቅስም። ግን እንዲህ ብለው ያስተማሩሽ ሰዎች ለመናገር ስንት ደቂቃ ነው የሚሰጣቸው? ለኔ የተሰጠኝ ሦስት ነበር።

ያንቺን አንደበት ሰሚ አያሳጣው፣ ልጄ። እባክሽ ለጎረቤታችን ደውዪላት፤ ለኔ በር አትከፍትልኝም።

ትናንት ባሏ መጥቶ ነበር። ወንበር ብሰጠው አልቀመጥ አለ። «ሰኞ ወደ በረኪናው ትመለስ ተብላለች» አለኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ምስጋናሽን ግን ሁሉም ወዶታል አሉ» ብሎኝ ሄደ።