የሲኞር ካርሚኔ ፊያኖ

ዌስተን፣ ቶሮንቶ
ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዷ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስደውል ቤተሰቡ ሁሉ በስፒከር ስለሚሰማ፣ ይህቺን ለብቻሽ ብዬ በሰው እጅ ልኬልሻለሁ።

የማስታምማቸው ጣሊያናዊ ሽማግሌ፣ ሲኞር ካርሚኔ፣ አርብ ዕለት አረፉ።

ግቢያቸው ውስጥ ከአገራቸው ያመጡት አንድ የወይን ሐረግ አለ። ፊያኖ ይሉታል፤ ነጭ ወይን ጠጅ ይጠምቁበት ነበር። ብርዱ ሲመጣ ብርድ ልብስ ያለብሱት ነበር፤ አቤት ስስቅባቸው! ፍሬው ትንሽ፣ ቆዳው ወፍራም ነው፤ ንብ አይለየውም። የመጠጡን ጣዕም የማውቀው ከእሳቸው ሰምቼ ነው። አዲስ ሲሆን ኮምጠጥ ይላል፤ ዓመታት ሲቆይ ግን ማር ማር፣ የተቆላ ለውዝ ለውዝ ይላል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጭስ አለው ይሉኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት፣ «በድሪያ፣ ቤዝመንት ካለው ጠርሙስ ቀድተሽ ከንፈሬን አርጥቢልኝ» አሉኝ። የምትከታተላቸው ነርስም ጠብታ አይጎዳቸውም ብላለች። እማዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አባዬ «የሚጠጣውም የሚቀዳውም እኩል ነው» እያለ ነው ያሳደገኝ። «ቅዳሜ ሺፍቱ የጸሐይወርቅ ነው፤ እሷ ክርስቲያን ስለሆነች ትቀዳልዎታለች» አልኳቸው፤ ጸሐይወርቅ በፈረቃ የምትተካኝ ልጅ ናት።

እንዲሁ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ከሐረጉ ፍሬ ለቅሜ፣ ጨምቄ በማንኪያ ሰጠኋቸው። አጣጣሙትና ፈገግ አሉ።

«ጎበዝ ልጅ። ይሄ ግን ገና ጭማቂ ነው። አይዞሽ፣ ቅዳሜን እጠብቃለሁ።»

ሐሙስ ዕለት «ዛሬ ቅዳሜ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም አልኳቸው። አርብ ጠዋት ስገባ አልፈዋል።

ሃይማኖቴን ጠብቄያለሁ፤ እሱን አውቃለሁ። ግን ያን ሁሉ የጠበቁት ለእኔ ሲሉ ነበር፤ አንጀቴን እየበላኝ ነው። ሸኽዬ ጋ ሄደሽ እንዳትጠይቂልኝ፤ የሚሉትን አውቀዋለሁ። አንቺው ንገሪኝ፤ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

እማዬ፣ ይኸው ስድስት ዓመት «ለሚቀጥለው ረመዳን እመጣለሁ» እልሻለሁ። አንቺም «ግድ የለም ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» ትዪኛለሽ። ከእንግዲህ ግድ የለም አትበዪኝ። ቶሎ ነይ በዪኝ።

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ልጅሽ በድሪያ