ነፋስ ለኪዎቹ

ውድ ወንድሜ ሚፍታህ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ነፋስ የሚለኩ ሰዎች አንጋጫ መጥተው፣ ከቤታችን በላይ ባለው ማሳችን ላይ ረጅም ብረት አቆሙ። «መብራት ከነፋስ ሲመነጭ የሚቃጠለው ናፍጣ ይቀንሳል፤ አየሩን የሚበክለው ጭስም አብሮ ይቀንሳል» አሉን።

«የእኛ መብራት ከውሃ አይደል እንዴ? የማንን ጭስ ነው የምትቀንሱት?» አልኳቸው።

«ግድቡ ውሃ ሲጎድለው ነፋሱ ጉድለቱን ይሞላል። የተረፈው መብራት ደግሞ ናፍጣ ለሚያቃጥሉ ጎረቤት አገሮች ይሸጣል» አሉኝ።

መልሱስ ልክ ነው። ግን ማሳው የት ድረስ እንደሆነ ሳናሳያቸው ያውቃሉ። አንደኛው አባባን እኛ ልጆቹ ብቻ በምንጠራው ስም ጠራው። ሲሄዱ አባባ፣ «ሚፍታህ አዳማ ከእነማን ጋር ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህን ሁሉ ማን እንደነገራቸው ለአረፋ ስትመጣ አንተው ንገረው። እስከዚያ አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ነፊሳ