ከምግብ በፊት

ይድረስ ለልጄ ለፈቲሀ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሸሽግሽ፤ ያስጠጋችሽን አክስትሽንም ያክብርልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡታጅራ ዝናቡ አላባራ ብሎ በርበሬውን ቤት አስገብተነዋል፤ ስናስነጥስ ነው የምንውለው።

ልጄ፣ አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። በትምህርት ቤትሽ «ሃይማኖት፣ ፍልስፍናና ሥነ ምግባር» የሚባል ትምህርት መረጥኩ ስትዪኝ አፈርኩ። በእኛ ሰፈር ፈላስፋ የሚባለው ነገር የሚያበዛ ሰው ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ሁሉ «ለሐኪምነት ነው የምትማረው» አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ዓለምዘውድ ይህን ሰምተው የስኳር ኪኒናቸውን ይዘው መጡ። «ፈቲሀን ጠይቂልኝ፤ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» አሉኝ። ውሸቴን ማፍረስ አቃተኝ። አንቺ ጋ ሳልደውል በማግስቱ «በፊት ነው ብላለች» አልኳቸው። በባዶ ሆዳቸው ውጠው ወጡና ገበያ መሀል ተዝለፈለፉ። አሁን ተሽሏቸዋል፣ አትደንግጪ።

ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ይዘው «ልጅቷን እንዳትቆጫት፤ ገና ተማሪ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አጥፊዋ እኔ፣ ይቅር የተባልሽው አንቺ!

እውነቱን ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ ከበራቸው ተመለስኩ። ያ ያፈርኩበት ትምህርትሽ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር ያውቅ እንደሆነ ጻፊልኝ።

አውፍ በዪኝ። አላህ እውቀትሽን ያብዛልሽ፤ ከእናትሽ አፍ የወጣውንም ውሸት ከስምሽ ላይ ያንሳልሽ።

እናትሽ ዘምዘም