ጉድጓዳችንን የደፈንንበት ክረምት

ውድ እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። መቃብርሽ ጋ ስመጣ አባዬ አብሮኝ ስለሚሆን የልቤን መናገር አልችልም። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ከቤታችን በላይ የነበረው የበቆሎ ማሳ አሁን የለም። ታመሽ ተኝተሽ ሳለሽ ችካል ሲተክሉበት ያየሽው ቦታ ቤት በቤት ሆኗል፤ አንዳንዱ ባለ ፎቅ ነው። የገቡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ነገር ግን ለዚያ ሁሉ ሰው የሚያልፈው ውሃ በዚያው በኛው ቀጭን መስመር ነው፤ ቧንቧችን ከደረቀ ከርሟል። ቦይም አልተቆፈረም። ሲዘንብ የግቢያቸው ጎርፍ በእንሰትሽ መሀል አልፎ ደጃችን ላይ ይተኛል። ሰፈራችንን ቱላን አሁን ብታዪያት መንገዱ ይጠፋሻል።

ቧንቧው ሲጠፋ ወደ ጉድጓዳችን ተመለስን። አንቺና አባዬ በተጋባችሁ ዓመት የቆፈራችሁት፣ እሱ ከታች አፈር እየሞላ አንቺ ከላይ በገመድ እየሳብሽ። ስታወሪን እሱን ከነአካፋው እዚያው ትተሽ ምሳ ልትበዪ የሄድሽበትን ቀን አትረሺም ነበር፤ እሱም እየሳቀ ይቆጣ ነበር።

ሐምሌ ላይ ውሃው ሽታ አመጣ። እኔ እያፈላሁ አስቀምጥለታለሁ፤ እሱ ግን ታውቂዋለሽ፣ ከጓሮ ሲመለስ በጣሳ ቀድቶ ይጠጣል። አንድ ጠዋት ከአልጋ መነሳት አቃተው። ባጃጅ ጠራሁ። ሾፌሩ የአሸዋ መኪኖች ያረሱትን መንገድ አይቶ፣ «እህቴ፣ እዚህ ከገባሁ አልወጣም» ብሎ ተመለሰ። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት አደረሱት። ያን የሚያህል ሰው እንደ አስከሬን ከፍ አድርገው ሲወስዱት፣ ከኋላ እየተከተልኩ አንቺን ጠራሁሽ።

ሐኪሙ ታይፎይድ ነው አለኝ። ውሃ ከየት እንደምንጠጣ ሲጠይቀኝ ለመመለስ አፈርኩ።

ከአዲሶቹ ቤቶች ሰላማዊት የምትባል አስተማሪ ልትጠይቀው መጣች። የሽንት ቤታቸው ጉድጓድ ሞልቶ እንደሚፈስ፣ መምጠጫ መኪናውም በዚያ ጭቃ መግባት እንዳቃተው ነገረችኝ። «ወደናንተ መውረዱን አላወቅንም። እኛም ውሃና መንገድ አለው ተብለን ነው የገባነው» አለችና አለቀሰች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። አብረን ማዘጋጃ ቤት ተመላለስን። በእቅድ ተይዟል ይሉናል። እቅዱ እስኪደርስ ምን እንጠጣ ስለው የማዘጋጃ ቤቱ ሰውዬ ስልኩን አነሳ።

አባዬ ተርፎ ቤት ገባ፤ ጉልበቱ ግን አልተመለሰም። ጉድጓዱ መደፈን እንዳለበት እንዴት እንደምነግረው ጨንቆኝ ሳለ ራሱ አካፋ ይዞ ወጣ። ጥቂት አፈር እንደጨመረ ደከመውና ጠርዙ ላይ ተቀመጠ። «ይቅር ትበለኝ፤ ንገሪልኝ» አለኝ። የቀረውን እኔና ሰላማዊት ሞላነው።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ውሃ የምናገኘው ከጋሪ ነው፤ ጋሪው በሚቀርበት ቀን ዝናብ እንለምናለን፣ ዝናቡ ሲመጣ ጎርፉን እንፈራለን። ከጎረቤቶቻችን ሸጠው የሄዱ አሉ። እኔ አባዬን ከዚህ ነቅዬ የት እወስደዋለሁ? ሌሊቱን ሳስበው አነጋለሁ እማዬ። አንቺ ብትኖሪ ቢያንስ አብረሽኝ ታለቅሺ ነበር።

ማክሰኞ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት እንሄዳለን። ማን ነሽ ሲሉኝ ከራሴ ስም በፊት ያንቺን እጠራለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳልናገር ከዚያ በር አልወጣም።

የማትረሳሽ ልጅሽ